የባሕር ኤሊና የራያ ዝናብ

ከቆቦ ሜዳ ተነሥቶ ስለ ባሕር ኤሊ መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እንደሚታወቀው አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆርማትና ጎሊናም ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ያመራሉ እንጂ ውቅያኖስ አይደርሱም። ሆኖም ኤሊዋንና የራያን ገበሬ የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የባሕር ሙቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ትስስር እንመለከታለን።

አሸዋ የሚወስነው ጾታ

በቀይ ባሕር ደሴቶች ጭምር የምትራባው አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ዕድሜዋን በውኃ ውስጥ ብታሳልፍም እንቁላሏን የምትጥለው በየብስ ነው። ጉድጓድ ቆፍራ መቶ ያህል እንቁላሎች ትጥልና አሸዋ አልብሳቸው ትመለሳለች። ለሁለት ወር ገደማ የሚያሞቃቸው አሸዋው ነው። የሚገርመው የጫጩቶቹን ጾታ የሚወስነው ክሮሞሶም ሳይሆን ይኸው ሙቀት መሆኑ ነው። በ29 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ወንዱና ሴቷ በቁጥር ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወንዶች፣ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ። እጅግ ሲሞቅ ግን እንቁላሉ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሰንሰለት ሰሜናዊ ክፍል ከተፈለፈሉት ወጣት ኤሊዎች 99 ከመቶ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ወንድ ከጠፋ ትውልዱ ይቋረጣል።

ጉዳቱ በኤሊዋ ብቻ አያበቃም። ኤሊዋ የምትግጠው የባሕር ሣር ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ነው፤ ካርቦንንም በሥሩ ባለው ደለል ውስጥ ያከማቻል። ግጦሹ ሲቀር መስኩ ያረጃል።

ከባሕር የሚመጣ ብድር

በከባቢ አየር የተከማቹት ጋዞች አፍነው ካስቀሩት ትርፍ ሙቀት ውስጥ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። 1 ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4,200 ጁል ያስፈልጋል፤ ለደረቅ አሸዋ 800 ያህል ይበቃል። ስለዚህ ባሕር ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል። ያንን ሙቀት ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱ ትነት ነው።

አንድ ሄክታር የማሽላ ማሳ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። ይህ 10,000 ኪሎ ግራም ውኃ ነው። ያንን ውኃ ለማትነን ወደ 24 ቢሊዮን ጁል ወጥቷል። በበልግ ወራት ራያ የሚደርሰው እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የሚነሣ ስለሆነ፣ ብድሩን የሚሰጠን ባሕር ነው ማለት ይቻላል።

ባሕሩ ሲታወክ ምን ይሆናል? በ2007 ዓ.ም. ክረምት በምድር ወገብ ላይ የሚገኘው የፓስፊክ ውቅያኖስ ክፍል ከመጠን በላይ ሞቀ፤ ይህም ኤል ኒኞ ይባላል። የነፋሳት ዝውውር በመዛባቱ ሰሜን ወሎን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች ዝናቡ እጅግ አነሰ። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣበት የቆየ ጥበብ አለው፤ ጎርፍ ካልወረደ ግን የሚጠለፍ ነገር የለም። ያው ኤል ኒኞ፣ ከምድር መሞቅ ጋር ተዳምሮ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከላይ የተጠቀሱት ኤሊዎች የሚኖሩበትን ኮራል አንጥቶ ብዙውን ገደለ።

ምን ይደረግ?

እንቁላሉን ከሰውና ከአውሬ መጠበቅ፣ ኤሊ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ባለው መረብ ማጥመድ፣ የሞቀውን ጎጆ በጥላ መጋረድ የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው። ጥላ ጎጆውን ቢያተርፍም ባሕሩን አያቀዘቅዝም። ለኤሊዋም ሆነ ለራያ ዝናብ ዘላቂው መፍትሔ የካርቦን ልቀትን መቀነስ ነው።

የጥላን ጥቅም እናንተም ልትለኩት ትችላላችሁ። በበጋ፣ በደረቀው የሆርማት አሸዋ ላይ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱን በዳስ አጥሉ። በግማሽ ሜትር ጥልቀት ቴርሞሜትር ቀብራችሁ ለሁለት ሳምንት ጧት፣ ቀትርና ማታ መዝግቡ። በዚያ ጥልቀት የቀንና የሌሊት ልዩነት እምብዛም አይታይም፤ ለምን? በሁለቱ ቦታዎች መካከል የምታገኙትን ልዩነትም አስሉ። ከ30 ወደ 28 ዲግሪ የሚያወርድ ጥላ ሴቶች ይበዙበት የነበረውን ጎጆ ወንዶች የሚበዙበት ሊያደርገው ይችላል።