ዕድሜና የአለርጂ ስሱነት፦ የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው አዋቂዎች የቆዳ ምርመራን እንዴት እናንብብ?

የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ የቆዳ መውጊያ ምርመራ ሲደረግ፣ ቢያንስ ለአንድ አለርጂ አምጪ ነገር ስሱ ሆነው የሚገኙት ድርሻ በወጣትነት ከፍ ብሎ፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ስሱነት ስንል ሰውነት የተለየ አይጂኢ ፀረ እንግዳ አካል ማዘጋጀቱን ማለታችን ነው፤ ሕመም መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም። ጥያቄው ቅናሹ ከምን ይመጣል የሚለው ነው።

በአንድ ወቅት መረጃ የሰበሰበ ጥናት የ25 ዓመት ወጣትን ከ65 ዓመት አዛውንት ጋር ሲያነጻጽር፣ ሁለት ዕድሜዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት የልደት ዘመኖችንም ያነጻጽራል። አዛውንቱ ስሱነቱ ቀንሶ ይሆናል፤ ወይም ከመጀመሪያውም ስሱ አልነበረም። ይህን ለመለየት እነዚያኑ ሰዎች ለረጅም ጊዜ መከታተል ግድ ይላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከ20 እስከ 44 ዓመት የሆናቸውን አዋቂዎች ይዞ የተነሣው የአውሮፓ ማኅበረሰብ የመተንፈሻ ጤና ጥናት ይህን አድርጓል። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ በደም ምርመራ ለአቧራ ማይት፣ ለድመት ወይም ለሣር ብናኝ ስሱ የሆኑት ከ29.4 ወደ 24.8 ከመቶ ወርደዋል። ቅናሹ በአቧራ ማይት ጎላ ያለ ሲሆን በሣር ብናኝ ግን እጅግ ትንሽ ነበር፤ ለሣር ብናኝ ያለው ስሱነት ዘግይተው በተወለዱት ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ ዕድሜም የልደት ዘመንም ድርሻ አላቸው፤ ሚዛኑም እንደ አለርጂ አምጪው ይለያያል። ተሳታፊዎቹ ግን ከጠቅላላው ሕዝብ የተመረጡ እንጂ የአፍንጫ አለርጂ ሕሙማን ብቻ አልነበሩም።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ቆዳው ራሱ ነው። ያረጀ ቆዳ ለማመሳከሪያነት ለሚወጋው ሂስታሚን እንኳ የሚሰጠው እብጠት ያንሳል። ለሁሉም ዕድሜ አንድ ዓይነት የ3 ሚሊ ሜትር መለኪያ ስንጠቀም፣ የቆዳውን መድከም እንደ ስሱነት መቀነስ ልንቆጥረው እንችላለን። በእኔ አስተያየት፣ የሂስታሚኑን እብጠት መጠን በዕድሜ ክፍል ለይቶ የማያቀርብ ጥናት ስለ እርጅና የሚሰጠው ድምዳሜ ግማሽ ነው።

ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። በቆዳ ምርመራ ምላሽ ያልታየባቸው አዛውንት፣ አይጂኢ በአፍንጫቸው ውስጥ ብቻ የሚመረትባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የአፍንጫቸው ፈሳሽ ከአንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የመጣም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ በግምት እንደ ክሎርፌኒራሚን ያለ የቀድሞ ፀረ ሂስታሚን ቢታዘዝላቸው ለመደናገር፣ ለመውደቅና ለሽንት መቋጠር ይጋለጣሉ። ስለዚህ የሕመሙን ታሪክና የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር መጠየቅ ከመርፌው ይቀድማል፤ የቆዳው ውጤት ሲያጠራጥርም የደም አይጂኢ ምርመራ ይጨመራል።