ሁለተኛው ጭስ ማውጫ፦ ጉልበት ወይስ ጩኸት?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን የምናገኛት የሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደሴ ደግሞ ከእርሷ በ500 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስለሆነም ከሐይቅ ጭኖ ወደ ደሴ የሚመለስ ፒክአፕ አብዛኛውን ጉዞውን የሚጨርሰው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደዚያው ሄጄ ሳለ፣ በአንዲት አሮጌ ሃይሉክስ ጭነት እያመላለሰ የሚተዳደረው የእህቴ ልጅ ያቀረበልኝ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሁለተኛ ማርሚታ ቢገባላት ትተነፍሳለች ብለውኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ማርሚታ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የወረስነው የጋራዥ ቃል ሲሆን፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ያመለክታል። ልጁ ለቱቦውና ለብየዳው የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሟል። የኋላ ጎማዎቹ ግን ጥርሳቸው አልቋል፤ ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። በመሆኑም ጥያቄው ለእርሱ የዋዛ አልነበረም። ወረቀትና እርሳስ አስመጥቼ አብረን ማስላት ጀመርን።

መኪናዋ የተገጠመላት «3ኤል» በመባል የሚታወቀው ቱርቦ የሌለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። እንደሚታወቀው ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን በአየር የሚሞላው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 70 ሊትር ያህል አየር ይስባል ማለት ነው። ይኸው አየር ተቃጥሎ ሲወጣ ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ነው ብንል፣ ይዘቱ ወደ 160 ሊትር ያድጋል። ይህን ሁሉ ጭስ የሚያሳልፈው የውስጥ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ ቢሆን፣ የጭሱ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጁ ይህን ቁጥር ሲሰማ «እንግዲያው ታፍናለች ማለት ነው!» አለ። እኔም በመጀመሪያ እይታ እንደዚያው ባሰብኩ ነበር።

ነገር ግን የጋለ ጭስ እጅግ ስስ ነው። በሐይቅ ከፍታ የአንድ ኩቢክ ሜትር ክብደቱ 0.4 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ሲሰላ 1000 ፓስካል አካባቢ ይመጣል፤ ይህም በዚያ ከፍታ ካለው የአየር ግፊት ሰማንያኛው እጅ ነው። ፒስተኖቹ ይህን ግፊት ለማሸነፍ የሚያወጡትን ኃይል ለማግኘት ግፊቱን በሰከንድ ከሚገፉት ይዘት፣ ማለትም ከ0.07 ኩቢክ ሜትር ጋር እናባዛለን። ውጤቱ 70 ዋት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ቱቦ እንጨምር። ጭሱ ለሁለት ሲከፈል ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሰበቃው ኪሳራ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ ሩብ ይወርዳል። ትርፉ 50 ዋት ገደማ ነው። የድሮዋን ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳ በወጉ አያበራም።

50 ዋት ዳገት ላይ ምን ይሠራል? ከነጭነቱ 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 22 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል። በዚሁ ሒሳብ 50 ዋት ሊያነሣ የሚችለው 6 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሁለት ሜትር የብረት ቱቦ ከነማርሚታውና ከነማንጠልጠያው በቀላሉ ከዚህ በላይ ይመዝናል! ስለዚህ አዲሱ ጭስ ማውጫ የሚያስገኘውን ጉልበት ራሱን ተሸክሞ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ሁለት ጭስ ማውጫ ከወዴት መጣ? ስምንት ሲሊንደር ያላቸው ትልልቅ የአሜሪካ ፒክአፖች ሲሊንደሮቻቸው አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ጭስ መሰብሰቢያ ስላለው ሁለት መውጫ መዘርጋት ተፈጥሯዊ ነው። የእኛ ሃይሉክስ አራቱም ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ ያሉ፣ ጭሳቸውም ገና ከሞተሩ ሳይርቅ በአንድ ቱቦ የሚገናኝ ነው። ከኋላ ለሁለት ብንከፍለው የፊተኛው መንገድ እንደነበረ ይቀራል። ቱርቦ ባላቸው ሞተሮች ላይ የጭስ መውጫው ስፋት የበለጠ ዋጋ እንዳለው ግን መካድ አይቻልም።

የመኪናዋ ትንፋሽ ማጠር ዋነኛው ምክንያት በመግቢያው በኩል ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ናፍጣው አየሩን በልጦ በጥቁር ጭስ መልክ ይባክናል። የእህቴ ልጅ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አሳየኝ። የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ነበር።

«ግን የገባላቸው መኪኖች ሲጠነክሩ ሰምቻለሁ» አለ። ሰምቻለሁ ማለቱ ትክክል ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ቱቦ ሲገባ የፊተኛው ማርሚታ አብሮ ይወጣል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ አራቱ ሲሊንደሮች በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳሉ፤ ማርሚታው የዚህን ሞገድ ከፊሉን በውስጡ እያንጸባረቀ ያዳክመዋል። እርሱ ሲነሣ ድምፁ ይጎላል፤ ጆሯችንም ድምፅን ከጉልበት ጋር ያያይዛል። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ድምፁ እጥፍ የሆነ ይመስለናል፤ መኪናው ግን ያው ነው።

ይህ ድምፅ ደግሞ በሐይቅ ምድር ሩቅ ይሄዳል። ነፋስ በሌለበት ንጋት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይቀዘቅዛል፤ ድምፅም በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ስለሚል ወደ ታች ይጎብጣል፣ ጸጥ ያለው ውኃም መልሶ ያንጸባርቀዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ስፍራ ላይ ነው። በዚያ ንጋት ላይ ቆሞ የነበረ ሰው የሩቅ ሞተር ከአጠገቡ ያለ እስኪመስለው እንደሚሰማ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ታውቆ ለመልኩ ሲባል ማስገባት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ማርሚታውን አያውጣ፤ ቱቦውን ከማርሚታው በኋላ ይክፈለው። ብረቱ በ300 ዲግሪ ሲግል በሁለት ሜትር ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚለጠጥ፣ ከሻንሲው ጋር በብየዳ ከማጣበቅ ይልቅ በላስቲክ ማንጠልጠያ መስቀል ይገባል። ሃይሉክስ ትርፍ ጎማው ከኋላ ከሥር የሚታሰር በመሆኑ ቱቦው ከጎማውም ሆነ ከፍሬን ቱቦ መራቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ከጋቢናው ሥር የሚያፈስ መጋጠሚያ ሊኖር አይገባም፤ በተለይ በቤንዚን ሞተር። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል።

የእህቴ ልጅ ፊልትሮ ቀየረ፣ ኖዝሎቹን አስጸዳ፣ በቀረው ገንዘብ ሁለት ጎማ ገዛ። አሁንም ግን የጎረቤቱ መኪና ሲያልፍ ዞር ብሎ ማዳመጡን አልተወም።

ለአንባቢ አንድ ጥያቄ ልተው። የነባሩ ቱቦ ዲያሜትር 5 ሳይሆን 4 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የሰበቃው ኪሳራ ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚሄድ ይዘን፣ 50 ዋቱ ስንት ይሆናል? ስንት ኪሎ ግራምስ ያነሣል?