ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የቅርብ ኃላፊና የሩቅ ኃላፊ ጊዜ

ሀ. ምንባብ፦ የተተከለ ብሌን

የዓይናችን ፊተኛው ክፍል እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በተለመደው አነጋገር የዓይን ብሌን ይባላል። ኬራቶኮነስ በተባለው በሽታ ይህ ሽፋን እየሳሳና ወደ ፊት እየሾለ ሄዶ የሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ እይታም ይዛባል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን፣ ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ያባብሰዋል። በመጀመሪያ መነጽር፣ ቀጥሎም በዓይን ላይ የሚደረግ ጠንካራ ሌንስ ይረዳል። ሕመሙ እጅግ ሲጠና ግን፣ ከሞተ ሰው የተገኘ ጤናማ ብሌን ለሕመምተኛው ይተከልለታል።

ሙሉ ብሌንን ከሰው ወደ ሰው በማዛወር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት ሐኪም ኤድዋርድ ዚርም ነው። ይህንንም የፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1905 በሞራቪያ፣ በኦሎሞውትስ ከተማ፣ ኖራ ዓይኑን ላጠፋው አንድ ሠራተኛ ነበር።

የተተከለ ብሌን ምን ያህል ዘመን ያገለግላል? ከአውስትራሊያ የብሌን ንቅለ ተከላ መዝገብ ተጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። በኬራቶኮነስ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተተከሉት ብሌኖች 10 ዓመት የሚዘልቁት ከመቶ 89 ያህሉ ናቸው፤ 20 ዓመት የሚደርሱት ግን ከመቶ 49 ያህሉ ብቻ ናቸው። ለዚህ ምክንያት አለው። የብሌኑን ጥራት የሚጠብቁት የውስጠኛው ገጽ ሕዋሳት ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳሉ፤ የሞቱትም አይተኩም። ሰውነትም ባዕዱን ብሌን ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሊቃወመው ይችላል። ስለዚህ ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያም፣ ብርሃን ቢፈራ ወይም ቢደበዝዝ፣ ባለ ንቅለ ተከላው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በጊዜ የተደረሰበት ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይገታል።

ዛሬ የሕመምተኛውን የውስጥ ሽፋን ሳይነኩ የላይኛውን ክፍል ብቻ መለወጥ ተችሏል። በሽታው ሳይጠና ለተደረሰበት ወጣት ደግሞ ብሌኑን በቫይታሚን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር በማጠንከር የሕመሙን ግስጋሴ መግታት ይቻላል።

ለ. ማስታወሻ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ሕመምተኛው ብሌን ተተክሎለት አይቷል።
2. ሕመምተኛው ብሌን ተተክሎለት አይቶ ነበር።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያለው ግስ የቅርብ ኃላፊ ነው፤ ድርጊቱ ቢፈጸምም ውጤቱ እስከምንናገርበት ጊዜ መዝለቁን ያመለክታል። በሁለተኛው ያለው የሩቅ ኃላፊ ነው፤ አድማጩ «ታዲያ ኋላ ምን ሆነ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል። የሁለቱ ልዩነት «ነበር» በምትባል አንዲት ቃል ነው፤ በሰውየው ኑሮ ግን የብርሃንና የጨለማ ያህል ነው። ቀዶ ሕክምናው «አይቷል» ያሰኛል፤ «አይቶ ነበር» እንዳይባል የሚጠብቀው የዓመታት ክትትል ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ቀጥሎ ያሉትን ግሶች በቅርብ ኃላፊና በሩቅ ኃላፊ ጊዜ ጻፉ፦ ጠራ፣ ደበዘዘ፣ ዳነ፣ ተቃወመ።
2. «ብሌኑ ጠርቶ ነበር፤ ነገር ግን . . .» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ባገኛችሁት ምክንያት አሟሉ።
3. ብሌን ከተተከለለት ሦስት ዓመት የሆነውና «ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ወዳጃችሁ፣ ሁለቱንም ጊዜያት በመጠቀም አንድ አንቀጽ የምክር ደብዳቤ ጻፉ።