ትምህርት 14፦ ድምፅን በቃላት መግለጽ፤ «አለ» እና «አደረገ»

ስለ ሙዚቃ ድርሰት ጻፉ ሲባል አብዛኞቹ ተማሪዎች «ዜማው በጣም ደስ ይላል፤ ልብን ይመስጣል» ብለው ይጀምራሉ፤ በዚያውም ይጨርሳሉ። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ባለው ድርሰት ላይ ብዙ ቀይ ቀለም ጨርሻለሁ። አንባቢው የተረዳው ጸሐፊው መደሰቱን ብቻ ነው፤ ዜማውን ግን አልሰማም።

ድምፅን ለመግለጽ አማርኛ ያለው ጠንካራ መሣሪያ ቅጽል ሳይሆን ጥምር ግሥ ነው። ሿ አለ፣ ጸጥ አለ፣ ዝግ አለ፣ ረገብ አለ፣ ጭጭ አለ የመሳሰሉትን ተመልከቱ። ከሁለቱ ቃላት የሚረባው «አለ» ነው፤ ፊተኛው ቃል አይለወጥም። በ«አለ» ቦታ «አደረገ» ሲገባ ግን ግሡ ተሳቢ ይፈልጋል።

ሀ. ዜማው ዝግ አለ።
ለ. ወጣቱ ዜማውን ዝግ አደረገው።

በ«ሀ» ነገሩ በራሱ የሆነ ይመስላል፤ በ«ለ» ከድምፁ ጀርባ ሰው ቆሟል። ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሙዚቃ ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በጠፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ድምፅ አይተላለፍም። ስለዚህ በፊልም ላይ የጠፈር መርከብ ሲያልፍ የምንሰማው ጉምጉምታ ሁሉ የሰው ሥራ ነው።

በ1956 እ.ኤ.አ. «ፎርቢደን ፕላኔት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲወጣ ድምፁን ያዘጋጁለት ሉዊስና ቤቢ ባሮን የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። በገዛ እጃቸው የኤሌክትሮኒክ ዑደቶች ሠርተው፣ ዑደቶቹ ኃይል በዝቶባቸው እስኪቃጠሉ ድረስ የሚያሰሙትን ድምፅ በቴፕ ቀዱ፤ ቴፑንም እየቆራረጡና ፍጥነቱን እየለዋወጡ አቀናጁት። የፊልሙ ኩባንያ ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር ክርክር እንዳይነሣ በመስጋት «ሙዚቃ» ከማለት ተቆጥቦ «ኤሌክትሮኒካዊ ቃናዎች» ሲል ጻፈ። እንግዲህ ዑደቱ ጮኸ እንበል ወይስ ባልና ሚስቱ አስጮኹት? በእኔ አስተያየት አስጮኹት፤ የቆረጠና የመረጠ እጅ ነበረና።

አገራችንም ለዚህ ዓይነቱ ፊልም እንግዳ አይደለችም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ዳንኤል ታደሰ በዋና ተዋናይነት የሠራበት «ክራምስ» በኢትዮጵያ የተቀረጸ ነው፤ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ የጠፈር መርከብ ይታይበታል። በእንጦጦ ተራራም ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል።

አሁን በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖር አንድ ጀማሪ የዜማ ደራሲ ለእንዲህ ያለ ፊልም ሙዚቃ ደረሰ ብለን እናስብ። ስለ ሥራው የተጻፈውን የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«ማታ ከተራራው ነፋስ ሲነሣ ባሕር ዛፉ ሿ ይላል። ወጣቱ ይህን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ፍጥነቱን ዝግ አደረገው፤ ያን ጊዜ የነፋሱ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ የሞተር ጉምጉምታ መሰለ። በላዩ የክራር ድምፆችን በትዝታ ቅኝት አንድ በአንድ ጣል ጣል አደረገ። መርከቡ ከተራራው ጫፍ ብቅ ሲል ክራሩ ጭጭ አለ፤ ጉምጉምታው ብቻውን ቀረ።»

ጸሐፊው ሁለት ጊዜ «አደረገ» ካለ በኋላ በመጨረሻ ወደ «አለ» ተመለሰ። «ክራሩን ጭጭ አደረገው» ቢል ኖሮ ዓይናችን በወጣቱ ጣቶች ላይ ይቀር ነበር፤ «ጭጭ አለ» በማለቱ ግን ወጣቱን ረስተን መርከቡን አየን። በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ደስ የሚል» የሚለው ቃል በአንቀጹ ውስጥ አንድም ጊዜ አለመግባቱንም ልብ በሉ።

መልመጃ

1. «ጸጥ አለ»፣ «ከፍ አለ»፣ «ረገብ አለ» የሚሉትን በ«አደረገ» እየለወጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው። ተሳቢውን ከሥሩ አስምሩ።

2. ማታ ከቤታችሁ ደጃፍ ቆማችሁ ለአሥር ደቂቃ አዳምጡ። ከሰማችሁት አንዱን ድምፅ ምረጡና ለጠፈር ፊልም መክፈቻ እንዴት እንደምትለውጡት በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «አደረገ» ን ትታችሁ ወደ «አለ» የተሻገራችሁበትን ቦታ በክብ ምልክት አመልክቱ፤ ለምን በዚያ ቦታ እንደሆነም በክፍል ውስጥ አስረዱ።