የታሰረ አውሬ ምን ያስተምረናል?

እኛ የጨንቻ ልጆች አውሬን በወሬ ብቻ የምናውቅ አይደለንም። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እንሰማለን፤ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ አዞ እናያለን። የዶርዜ ቤት ፊት የዝሆን ግንባር እንደሚመስልም ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ዛሬ የምናጠናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው እንዲዝናና ሲባል አውሬን ዕድሜ ልኩን ማሰር ተገቢ ነውን?

1ኛ/ የባሕሩ እስረኛ

ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው የባሕር እንስሳ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊዋኝ ይችላል፤ ከእናቱና ከዘመዶቹ ጋር በመንጋ ይኖራል። ቲሊኩም የተባለው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በአይስላንድ አጠገብ፣ ገና በሁለት ዓመቱ ገደማ ተያዘ። ከዚያ በኋላ በገንዳ ውስጥ እየዘለለ ተመልካች ሲያስደስት ኖረ። በ2010 አሠልጣኙን ገደለ። ሲ ወርልድ የተባለው ኩባንያ በ2016 እነዚህን እንስሳት ማራባት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ቲሊኩም ግን በ2017 እዚያው ገንዳው ውስጥ ሞተ።

2ኛ/ የአገራችን አንበሳ

ይህን የባዕድ አገር ጥፋት ብቻ አድርገን አንለፈው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ባቋቋሙት የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ የአገር ክብር ምልክት የሆነው አንበሳ በጠባብ የብረት አጥር ውስጥ ሲዞር ስንት ትውልድ ተመልክቶታል! በ2006 ደግሞ ቦታና ገንዘብ በማነሱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር ተዘገበ። ምልክቱን እያከበርን ሕያዉን መበደል እንዴት ይስማማል?

ሆኖም ሌላውንም ወገን መስማት ይገባል። በ2012 ሊቃውንት የእነዚህን አንበሶች ዘር መርምረው ከሌሎች አንበሶች የተለየ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ግቢው ሳያስበው አንድ ውድ ዘር ጠብቆ አቆይቷል ማለት ነው። የከተማ ልጅም አንበሳን በዓይኑ ያየው በዚያ ነው። ነገር ግን ዘርን ለመጠበቅ ጠባብ ቤት ግዴታ አይደለም። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አጠገብ ባቋቋመው እንሰሳ ኮቴ፣ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱና ወደ ዱር ሊመለሱ የማይችሉ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች በሰፊ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዲኖሩ ተደርጓል።

3ኛ/ በደጃችን

በአርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የአዞ እርባታ ዓላማው ቆዳ ነበር፤ እንቁላሉ ከሐይቅ ዳር ተለቅሞ ይፈለፈላል፤ ጎብኚም ከፍሎ ገንዳውን ያያል። በጫሞ ሐይቅ ዳር ደግሞ የአዞ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ አዞው ማንም ሳያስገድደው ፀሐይ ይሞቃል፤ ጎብኚው በጀልባ ሆኖ ከርቀት ያየዋል፤ ጀልበኛውም እንጀራውን ያገኛል። ስለዚህ አውሬን ካላሰርን አናይም፣ ገቢም አናገኝም የሚለው ክርክር በገዛ ሐይቃችን ላይ ይፈርሳል።

እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። አዳም እንስሳትን እንዲገዛ ሥልጣን ተሰጠው ስንል፣ ሥልጣን አደራ መሆኑን አንርሳ። የሰንበት ሕግ እንኳ ዕረፍትን ለሰው ብቻ አልሰጠም፤ በሬውንና አህያውንም አስቧል። ለቆሰለ ወይም እናቱን ላጣ እንስሳ መጠለያ መሥራት ምሕረት ነው፤ ጤነኛውን ለሳቅና ለጭብጨባ ማሰር ግን አደራን መብላት ነው። ስለዚህ ለጉብኝት ገንዘብ ስናዋጣ፣ የምንከፍለው ብር አውሬውን የሚጠብቅ ነው ወይስ የሚያስር? ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።

ለመወያያ፦
ሀ/ በመጠለያና በእስር ቤት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ/ ከእንስሳት ቆዳ ገቢ የሚያገኝ ቤተሰብ ምን ሊመልስልን ይችላል? እኛስ ምን እንለዋለን?
ሐ/ በቤታችን ያሉት አህያና ውሻ ስለ እኛ ምን ይመሰክራሉ?