የምድር ጋቢ

ጋቢ የለበሰ ሰው ይሞቀዋል። ጋቢው እሳት የለበትም፤ የገላውን ሙቀት ግን ይዞ ያቆያል። ሁለተኛ ጋቢ ቢደርብበት ላብ ያጠምቀዋል።

ምድርም ጋቢ አላት፤ እርሱም በዙሪያዋ ያለው አየር ነው። በአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል የማይታይ ነገር ጥቂት አለ። ፀሐይ ያሞቀቻት ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስትመልስ፥ እርሱ ከፊሉን ይይዛል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምድር በበረዶ በተሸፈነች ነበር። ጋቢው በልኩ ሲሆን በረከት ነው።

ሰዎች ግን ጋቢውን አወፈሩት። ለፋብሪካና ለመኪና ብለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ከመሬት አውጥተው አቃጠሉ፤ ደኑንም መነጠሩ። በሃዋይ ደሴት፥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ፥ አየሩ ይለካል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. መለካት ሲጀመር፥ አየሩ በሚሊዮን እጅ ቢከፈል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 315 እጅ ያህል ነበረ፤ ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኗል። የምድርም ሙቀት ፋብሪካ ከመብዛቱ በፊት ከነበረው ከ1 ዲግሪ በላይ ጨመረ። ስለዚህ በአንዱ አገር ድርቅ፥ በሌላው ጎርፍ ይበረታል።

ይህን ማዘግየት ይቻላልን? አዎን፥ ይቻላል። የተደረበውን ቶሎ መግፈፍ አይቻልም፤ ከፊሉ በአየር ውስጥ መቶ ዓመታት ይቈያልና። መደረቡን መተው ግን ይቻላል። ከሰልና ነዳጅ በማቃጠል ፈንታ በፀሐይ፥ በነፋስና በወራጅ ውኃ ኃይል መሥራት፥ ደንንም መጠበቅ ነው።

ጥቂት ያቃጠለ ድኻና ብዙ ያቃጠለ ባለጠጋ የለበሱት ጋቢ አንድ ነው። እንግዲህ ብዙ የደረበው አስቀድሞ ሊተው ይገባዋል።