ከቀለሙ ሥር ምን አለ? አሮጌ ስፖርት መኪና መግዛት ለጋዜጠኛ የሚያስተምረው

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። ይህ ጽሑፍ አፍሰው ስለለቀሙ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አሜሪካን አገር የሚኖረው አጎቴ ሲሆን ያፈሰሰው ገንዘቡን ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ያፈሰስኩት ደግሞ ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የሠራሁትን አሳይመንት ነው። ሁለታችንንም ያገናኘችን የ1972 ሞዴል የሆነች፣ ኤም ጂ ቢ የምትባል ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪንና አሮጌ መኪናን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን አሮጌ መኪና መግዛት ማለት በአብዛኛው የሰው ወሬ መግዛት ማለት ነው። ሻጩ ይናገራል፤ ገዢው ይሰማል፤ ብረቱ ግን ዝም ይላል። የእኛ ሙያ ደግሞ ዝም ያለውን ማናገር አይደል?

መኪናዋ ማን ናት?

ኤም ጂ የሚለው ስም የመጣው በኦክስፎርድ ከተማ ከነበረው «ሞሪስ ጋራዥስ» ከተባለ የመኪና መሸጫና መጠገኛ ድርጅት ነው። በ1920ዎቹ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሴሲል ኪምበር ተራ የሞሪስ መኪኖችን እየወሰደ ቀለል ያለና ፈጠን ያለ አካል ያለብሳቸው ጀመር። ኤም ጂ ቢ የመጣችው ከዚያ ብዙ ዘግይታ ነው። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር አቢንግደን በሚባል ከተማ ተሠርታለች። ከ5 መቶ ሺ በላይ የተመረተች ሲሆን ከግማሽ የሚበልጡት የተላኩት ወደ አሜሪካ ነው። ፋብሪካው በ1980 መገባደጃ ላይ ተዘግቷል።

ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ ነው። መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ 95 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ይህ ዛሬ ለአንድ ተራ የቤት መኪና እንኳ ብዙ የሚባል አይደለም። ታዲያ ሰው ለምን ይወዳታል? ቀላል ስለሆነች ነው። ኮፈኗን ከፍተው ሲያዩ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ካርቡራቶሩንም ካንዴላውንም ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው በገዛ እጁ ፈትቶ ይገጥመዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ መለዋወጫዋ አይጠፋም። እንግሊዞች በ1988 የመኪናዋን ሙሉ አካል እንደገና እንደ አዲስ ማምረት ጀምረዋል። ፋብሪካው ከተዘጋ ከ8 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

አጎቴ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል። «ስሚ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳቆም ኖርኩ» አለኝ በስልክ። «ለሥራ ሳይሆን ለደስታ የምነዳት አንዲት የራሴ መኪና ብትኖረኝ ምን ይለኛል?» ቀይዋን ኤም ጂ የገዛው ሦስት ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ ነው።

«ማን አለ?»

የኮርሱ አሳይመንት «አንድ ሰው አጥብቆ ስለሚወደው ነገር ጻፉ» የሚል ነበር። እኔም አጎቴን በስልክ አነጋግሬ፣ ወደ ሃያ የሚጠጉ ፎቶዎች አስልኬ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀባችውን ቀይ ቀለም እስከዛሬ እንደለበሰች ናት» የሚል ነበር። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከዚህ ዓረፍተ ነገር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈውበታል፤ «ማን አለ?»

ማን አለ? አጎቴ አለ። ለአጎቴስ ማን ነገረው? ሻጩ። ሻጩ ደግሞ የመሸጥ ጥቅም ያለው ሰው ነው። እንግዲህ እኔ በአጎቴ አፍ የሻጩን ማስታወቂያ ጽፌ ኖሯል!

ወደ ፎቶዎቹ ተመለስኩ። የዚያን ዘመን ኤም ጂ ቢ ባትሪዋ ሞተሯ ጋ አይደለም። ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ባትሪዎች ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር ባለ ክዳን ውስጥ ይቀመጣሉ። አጎቴ «ይቺን ጉድ እዪልኝ» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ፎቶ አንስቶልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ያየሁት ባትሪዎቹን ብቻ ነው። ሁለተኛ ሳየው ግን ከክዳኑ ሥር ያለው ብረት ቢጫ ነው። ቀይ መኪና፣ ሆዷ ቢጫ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ለአጎቴ አልነገርኩትም። «ደስታውን ለምን ልቀማው? ቀለም ብቻ ነው እኮ» አልኩ ለራሴ። አሳይመንቱ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ ዝም አልኩ። በዚያው ወር አጎቴ አዲስ የቆዳ ወንበርና አዲስ የሸራ ጣሪያ ገዛ። ከቀለም ሥር ሌላ ቀለም ካለ፣ ከዚያኛው ሥር ደግሞ ምን ይኖር ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም።

ማግኔቱ የተናገረው

የኤም ጂ ባለቤቶች ማኅበር የመመሥረት ልማዳቸው የቆየ ነው። ኤም ጂ ካር ክለብ በእንግሊዝ የተቋቋመው በ1930 ሲሆን፣ ኤም ጂ ኦነርስ ክለብ ደግሞ በ1973 ነው። በአሜሪካም በየአካባቢው ክለቦች አሉ። አጎቴ የገባው በሰፈሩ አቅራቢያ ካሉት ወደ አንዱ ነው። አንድ ቅዳሜ መኪናውን አስውቦ ሲሄድ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አባል ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከበሩ ሥር ማየት ጀመሩ። አጎቴ ቅር ብሎት ነበር።

ሰውየው ግን የሚያዩትን ያውቃሉ። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ሸክሙን የሚሸከመው አካሏ ራሱ ነው። ከሁሉም በላይ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት ዋና ምሰሶዋ ነው፤ ከላይ ጣሪያ የላትምና። ይህ ብረት ውኃና ጭቃ እየገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይቀየራል፤ ይህ ሲያልቅ ግን ብዙ ሥራና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ምርመራቸው ቀላል ነበር። በመጀመሪያ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ብረቱ ላይ አስጠጉት። ማግኔት ላሜራ ይይዛል፤ ስቱኮ አይዝም። ማግኔቱ ወደቀ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ ከፍ አድርገው በሩን ለመዝጋት ሞከሩ። ምሰሶው ጤነኛ ከሆነ በሩ እንደወትሮው ይዘጋል፤ ከላላ መኪናዋ መሐል ላይ ትጎብጥና በሩ ይነክሳል። የአጎቴ መኪና በር አልዘጋ አለ። የበሰበሰው ብረት በስቱኮ ተሞልቶ፣ ከላዩ ቀይ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። አጎቴ የስምንት ዓመት ልጁን አሳፍሮ ሲንሸራሸር የከረመው በዚህ መኪና ነው።

ሰነድም አለ። የመኪናዋ ቁጥር ራሱ ይናገራል። «ጂ ኤች ኤን 5 ዩ ሲ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ጂው ኤም ጂ፣ ኤቹ የሞተሩን መጠን፣ ኤኑ ክፍት ባለ ሁለት ወንበር መሆኗን፣ ዩው ለአሜሪካ ገበያ መሠራቷን፣ ሲው ደግሞ የ1972 ሞዴል መሆኗን ያመለክታል። በእንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ደግሞ የፋብሪካውን መዝገብ እያየ ለባለቤቶች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አጎቴ በክለቡ ሰዎች ምክር ከፍሎ አስወጣው። የወረቀቱን ፎቶ ሲልክልኝ መጀመሪያ የፈለግሁት ቀለም የሚለውን መስመር ነበር። ቢጫ ይላል።

የሃምሳ ሰው ሎሚ

ለአጎቴ ደወልኩና እውነቱን ነገርኩት። «ጋሼ፣ እኔ ቢጫውን አይቼው ነበር» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ወንበሩን ከመግዛቴ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ጠየቀኝ። በፊት ነበር። የወንበሩና የጣሪያው ገንዘብ ለብረቱ ቢውል ኖሮ መኪናዋ በዚያው ወር ጋራዥ ትገባ ነበር። አሁን ግን አምስት ወር ቆማ ገንዘብ ጠበቀች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚባለውን አጎቴ በተግባር አየው። ከክለቡ አባላት አንዱ ጋራዡን ፈቀደለት፤ ሌላው የብየዳ መሣሪያ አመጣ፤ ሌላው ብረቱን በየትኛው ቅደም ተከተል ቆርጦ መበየድ እንዳለበት አሳየው። በሥራው መሐል መኪናዋ እንዳትጎብጥ በሚገባ መደገፍ፣ በሩንም ደጋግሞ ገጥሞ ክፍተቱን ማየት ያስፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ በየቅዳሜው ሠሩ። አጎቴም ጀበናውን ይዞ እየሄደ ቡና አፈላላቸው።

ይሁን እንጂ ክለብም ቢሆን ያለ ጥያቄ የሚታመን ምንጭ አይደለም። አባላቱ ለመኪናዋ ፍቅር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ፍቅር ደግሞ ያዳላል። ዋጋዋን ከፍ፣ ጣጣዋን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ አሉ። ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ምክንያት የክሮም ፓራውልቷ ቀርቶ ትልቅ ጥቁር ጎማ መሰል ሲገጠምላትና ቁመቷ ከፍ ሲደረግ አበላሿት የሚሉ አሉ፤ ርካሽ ስለሆነች ለጀማሪ እሷ ትሻላለች የሚሉም አሉ። ስለዚህ አንዱን ብቻ ሰምቶ መሄድ አይቻልም።

ምን ተማርን?

አንደኛ፣ ቀለም መግለጫ ነው። የመሥሪያ ቤት መግለጫም ሆነ የመኪና ቀለም የሚሠራው እንዲታይ ነው። ጋዜጠኛ መግለጫውን ይሰማል፣ ግን ምንጣፉንም ያነሳል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው የነገረው ነገር በሁለት ሰው አፍ ስላለፈ ሁለት ምንጭ አይሆንም። የእኔ ምንጮች ሁለት ይምሰሉ እንጂ አንድ ሻጭ ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ቁጥር፣ መዝገብና ማግኔት አያፍሩም፤ ይሉኝታ የላቸውም። እኛ ግን አለን። ስህተት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ ዝም ማለት እርማት አይደለም። ወረቀቴ ከስህተት ጸድቶ ነበር፤ አጎቴ ግን በዚያው መኪና ልጁን እያሳፈረ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲናችን ከመስጠቴ በፊት ለአጎቴ በስልክ አነበብኩለትና ፈቃዱን ጠየቅሁት። «ጻፊው» አለኝ። «የኔን ሞኝነት ስትጽፊ ግን ቢጫውን ማየትሽንም እንዳትዘይው።» ይኸው አልዘለልኩትም።